የውሻ ዓይን ሞራ፤ ኦፕራሲዮኑና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚሆነው

«ልጄ፣ የከብት ሐኪም ነህ አሉኝ፤ እስቲ ይህን ውሻዬን እየው።»

ይህን ያሉኝ ከአዋሽ ሰባት ከተማ ወጣ ብሎ ፍየሎቻቸውን የሚያሰማሩ አንድ የአፋር አዛውንት ናቸው። «አባቴ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ብላቸው አልተቀበሉኝም። ውሻቸው ቀድሞ ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ ከሁሉ በፊት የሚጮኽ የታወቀ ጠባቂ ነበር አሉ። አሁን ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ነጥተው ከእሾህ አጥሩ ጋር ይላተማል፤ ፍየሎቹም ሲረግጡት ይደነግጣል። አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው ካሰቡ በኋላ «ይህን ሞራ ገፈህ የምታነሣልኝ እንደ ሆነ አንሣልኝ፤ አለዚያም ልገላግለው» አሉ።

በዚያን ቀን ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ወደ ትምህርት ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩን ከመጻሕፍትም ከመምህራንም ስከታተል ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። የእንስሳት ሕክምና የማይማሩ ጓደኞቼም እንዲከተሉኝ ስለምፈልግ፣ የሙያ ቃል ባስገደደኝ ጊዜ ሁሉ ትርጉሙን አብሬ እሰጣለሁ። ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሞራ ምንድን ነው?

ሞራ ብለን የምንጠራው፣ በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ጨጓራውንና አንጀቱን ሸፍኖ የምናገኘው ነጭ የስብ መረብ ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ለዓይን በሽታ ሲሰጡ መልኩን በትክክል አይተዋል። ዳሩ ግን ስሙ ቦታውን ያሳስታል። ብዙ ሰው ሞራ ማለት በዓይን ላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ስለሚመስለው፣ እንደ አዛውንቱ ሁሉ ተገፎ የሚነሣ ይመስለዋል።

እውነቱ እንዲህ ነው። በዓይን ጥቁር ክፍል መካከል ያለው ቀዳዳ ብሌን ይባላል። ከብሌን በስተ ኋላ ሌንስ የተባለች፣ በሁለት ወገን ያበጠች፣ እንደ ጠራ ውሃ ብርሃን የምታሳልፍ አካል አለች። ሌንስ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ምስር ማለት ነው፤ ቅርጿ በእርግጥም ምስርን ይመስላል። የሰው ሌንስ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የውሻ ግን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሥራዋም ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስባ በዓይን ጀርባ በተዘረጋው ሬቲና በተባለ ስስ የነርቭ ሽፋን ላይ ማሳረፍ ነው።

ሌንስ የደም ሥር የላትም። ምግቧን የምታገኘው በዙሪያዋ ካለው ጥሩ ፈሳሽ ነው። ከክብደቷ ሲሦው ያህል ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህም ፕሮቲን እጅግ በተስተካከለ ሥርዓት ስለ ተደረደረ ብርሃን ሳይሰናከል ያልፋል። ሥርዓቱ ሲፈርስና ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ሲጣበቅ፣ ጥሬ የእንቁላል ነጭ በእሳት ሲመታ እንደሚረጋው ሁሉ ሌንሷ ትነጣለች። እንግዲህ ሞራ ማለት የነጣች ሌንስ ማለት ነው፤ በላይዋ ላይ የተጨመረ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ሞራን ማንሣት ማለት ሌንስን ራሷን ማውጣት ነው። የነገሩም ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነጭ ዓይን ሁሉ ሞራ አይደለም

ውሻ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ መካከል ሰማያዊ ግራጫ ጭጋግ መልበስ ይጀምራል። ሌንስ ዕድሜ ልኳን አዲስ ክር እየጨመረች ስለምታድግና አሮጌው ክር ወደ መካከል እየተጨመቀ ስለሚጠጥር የሚመጣ የእርጅና ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ያያል፤ ኦፕራሲዮንም አያስፈልገውም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚያሳስተው የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ኮርኒያ የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን፣ በአዋሽ ሸለቆ ግራርና ፕሮሶፒስ በበዛበት ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሮጥ ውሻ በእሾህ ሊወጋው ይችላል። ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከዓይኑ ላይ፣ ሞራው ግን ከብሌን በስተ ጀርባ ይገኛል።

ይህን ለመለየት ተፈጥሮ አንድ መልካም መሣሪያ ሰጥታናለች። ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎግያና ሰመራ በሚወስደው መንገድ ሌሊት የተጓዘ ሁሉ፣ የጅቡቲ የጭነት መኪኖች መብራት ሲያርፍባቸው የውሾች ዓይን እንደ ፋኖስ ሲያበራ አይቷል። ይህ የሚሆነው በውሻ ሬቲና ጀርባ ብርሃንን እንደ መስታወት የሚመልስ ሽፋን ስላለ ነው። በጨለማ የእጅ ባትሪ ከራሳችን ዓይን አጠገብ ይዘን ወደ ውሻው ብናበራ፣ የእርጅና ጭጋግ ብቻ ከሆነ ብልጭታው ይመለሳል። ሞራው የበሰለ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ ስለማያልፍ ብሌኑ እንደ ኖራ ነጥቶ ይቀራል። የአዛውንቱ ውሻ ዓይኖች ብልጭታ አልመለሱም።

ማየቱን ለመፈተን ደግሞ እጅን ከፊቱ ማወናጨፍ አይበቃም፤ ውሻው ነፋሱን ይሰማዋልና። ይልቅስ ድምፅ የሌላትን አንዲት ብጥስጣሽ ጥጥ ከፊቱ ወደ መሬት መጣል ነው። የሚያይ ውሻ በዓይኑ ይከተላታል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ገና ያልጠፋ ስለ ሆነ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ቢገጥማችሁ ዓይኑን አያለሁ ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ዕውር ውሻም ሳይሰማ የነኩት እንደ ሆነ ከድንጋጤ የተነሣ ሊናከስ ይችላል።

ከየት ይመጣል?

በፈረንጅ አገር ዘራቸው ሳይቀላቀል በሚረቡ ውሾች፣ ለምሳሌ በፑድልና በኮከር ስፓንየል፣ ሞራ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ሌንስ ገብቶ ሶርቢቶል ወደሚባል ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል፤ ይህም ውሃ ስቦ ሌንሷን ያሳብጣታል። የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ውሾች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሞራ ይይዛቸዋል። ከዚህ ሌላ የእሾህ ወይም የድመት ጥፍር ጉዳት፣ መዥገር የሚያስተላልፋቸው አንዳንድ በሽታዎች የሚያስከትሉት የዓይን ውስጥ መቆጣት፣ የሬቲና በሽታና እርጅና አሉበት። የፀሐይ ጨረር በሰው ላይ ሞራ እንደሚያፋጥን ተረጋግጧል፤ በውሻ ላይ ግን ይበልጥ የሚመዝኑት ከላይ የጠቀስኳቸው ናቸው።

ኦፕራሲዮኑ እንዴት መጣ?

በጥንታዊት ህንድ ሐኪሞች በመርፌ ሌንሷን ከቦታዋ ገፍተው ወደ ዓይን ውስጥ ይጥሏት ነበር። ይህ አሠራር በአንዳንድ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ሕመምተኛው ለጊዜው ብርሃን ቢያይም ብዙ ጊዜ ዓይኑ በኋላ ይጠፋል። በ1747 ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል ሌንሷን ገፍቶ በመጣል ፈንታ ዓይንን ከፍቶ አወጣት። በ1949 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በወጣችው ሌንስ ፈንታ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ። ለዚህም ያበቃው፣ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ የገባባቸው አብራሪዎች ዓይናቸው ስብርባሪውን ሳይቆጣ እንደሚችለው ማስተዋሉ ነው። በ1967 አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን፣ የጥርስ ሐኪሞች ጥርስ ከሚጠርጉበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ አሳብ ወስዶ፣ ሌንሷን በውስጥ እንዳለች ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ የሚመጥ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ውሾች የሚታከሙት በዚሁ ዘዴ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ አስቀድሞ ሬቲናው ደኅና መሆኑ መመርመር አለበት። ሌንሷ ነጥታ ስለ ጋረደችው በዓይን ሊታይ አይችልም። ስለዚህ በአልትራሳውንድ ከቦታው አለመነቀሉን፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ ደግሞ ለብርሃን መልስ መስጠቱን ያረጋግጣሉ። ሬቲናው የሞተ ከሆነ ሌንሷን ማውጣት፣ ፊልም የሌለበትን ካሜራ መስታወት እንደ መወልወል ይቆጠራል።

ከዚያም ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሰው ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ነቅቶ ይተኛል፤ ውሻን ግን «አትነቃነቅ» ብሎ ማግባባት አይቻልም። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በኮርኒያው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀድዳል። ሌንሷ የምትቀመጥበትን ስስ ከረጢት የፊት ገጽ በክብ ቆርጦ ያነሣል፤ በሴኮንድ አርባ ሺህ ጊዜ ያህል በሚርገበገበው መርፌ ሌንሷን ሰባብሮ ይመጣታል። ከረጢቱም ባዶ ሲሆን አዲሱን ሌንስ በውስጡ ያኖራል። የውሻ ሰው ሠራሽ ሌንስ ኃይሉ 41 ዳዮፕተር ገደማ ሲሆን፣ የሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ብዙ አይርቅም። ሌንስ ያልተተካለት ውሻ ወደ 14 ዳዮፕተር ያህል ይጎድለዋል፤ የቅርቡ ነገር ሁሉ ይደበዝዝበታል። የሆነ ሆኖ መንገዱን ለይቶ ከመሄድና ጌታውን ከማወቅ አያግደውም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በዓይን ላይ የሚሆነው

በሠለጠነ እጅና በተሟላ መሣሪያ ሲሠራ፣ ከአሥር ውሾች ወደ ዘጠኙ ገደማ ብርሃናቸው ይመለሳል። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር የመጀመሪያው ጊዜ ቁጥር ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ይቀንሳል። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ መቆጣት (ብግነት)። ሌንስ ከፅንስ ጀምራ በከረጢት ውስጥ የተዘጋች ስለ ሆነች፣ የሰውነት ጠባቂዎች ፕሮቲኗን አያውቁትም ማለት ይቻላል። በኦፕራሲዮን ጊዜ ፕሮቲኑ ሲፈስ እንደ ባዕድ ይነሡበታል። የውሻ ዓይን በዚህ ረገድ ከአዋቂ ሰው ዓይን እጅግ የባሰ ቁጡ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀን አራት ጊዜና ከዚያም በላይ፣ በኋላም እየተቀነሰ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ ጠብታ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ግፊቱ በድንገት ሊወጣ ስለሚችል ደጋግሞ መለካት ግድ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ ሲደፈን ግላኮማ ይመጣል። ግላኮማ ብርሃንን ከማጥፋቱ ሌላ ያማል፤ አንዳንዴ ዓይኑን ራሱን እስከ ማውጣት ያደርሳል።

ሦስተኛ፣ የሬቲና መነቀል። ሬቲና እንደ ግድግዳ ወረቀት ከጀርባው ተለጥፎ የሚኖር ነው፤ ከተነቀለ ብርሃን ይጠፋል።

አራተኛ፣ የከረጢቱ መንጣት። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የቀሩ ሕዋሳት እንደገና ያድጋሉ። በውሻ ይህ ያልደረሰበት ዓይን ጥቂት ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ማየትን ፈጽሞ አይከለክልም።

አምስተኛ፣ የኮርኒያ መድከም። ኮርኒያን ከውስጥ የሚያደርቁት ሕዋሳት ከተጎዱ በበቂ ስለማይተኩ፣ ውሃ ገብቶበት ይደፈርሳል። ስድስተኛ፣ ጀርም ገብቶ መመረዝ፤ ይህ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ቢሆንም እጅግ የከፋው ነው።

«እንግዲያው ሳይነኩት መተው ይሻላል» የሚል ይኖራል። ይህም ሙሉ በሙሉ አያዋጣም። ያረጀ ሞራ እየሟሟ ፕሮቲኑን በከረጢቱ ውስጥ ያሾልካል፤ ዓይኑም ያለ ኦፕራሲዮን ይቆጣል፤ ግላኮማም ይከተላል። ስለዚህ ኦፕራሲዮን የማይደረግለት ውሻ እንኳ ዓይኑ ከቀላ፣ ካለቀሰ ወይም ብርሃን ከፈራ መቆጣቱን የሚያበርድ ጠብታ ያስፈልገዋል። ይህን ግን ሳያስመረምሩ ከመድኃኒት ቤት መግዛት አይገባም። የኮርቲዞን ጠብታ በእሾህ በቆሰለ ኮርኒያ ላይ ቢደረግ ቁስሉን አባብሶ ዓይኑን ሊያፈስ ይችላል።

ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ ነገርም ብዙ ተወርቷል። በ2015 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላኖስቴሮል የተባለ ንጥረ ነገር የውሾችን ሞራ እንደ ቀነሰ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰው ሌንስ ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ያንን ውጤት አላገኘም። ስለዚህ ዛሬም መድኃኒቱ ቢላዋ ነው።

ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ ስንመለስ

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አዛውንቱ በረት እንውሰደው። ኦፕራሲዮኑ ማይክሮስኮፕ፣ የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ ማደንዘዣና በዚህ ብቻ የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል። በአሜሪካ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። በኛ አገር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት፣ በደብረ ዘይት ፋኩልቲው በ1979 ከተቋቋመ ጀምሮ በዋናነት ያተኮረው የሕዝቡ ኑሮ በሆኑት በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በግመል ላይ ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። መሣሪያው እንኳ ቢገኝ የሚቀጥሉት ወራት ይቀራሉ። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ጠብታውን ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር፣ ውሻው ዓይኑን እንዳያክ አንገቱን በሰፊ ክፈፍ መከለል፣ በአቧራ ላይ እንዳይንከባለል መጠበቅ፣ አንገቱን በገመድ አለመሳብ፣ ግፊቱን ማስለካት፤ ይህ ሁሉ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ለሚዘዋወር ቤተሰብ ከባድ ነው። በግማሽ የተተወ ሕክምና ደግሞ ዕውሩን ውሻ ዕውርና ሕመምተኛ ያደርገዋል።

«ሰው በሞራ ታውሮ ተቀምጦ ስለ ውሻ ትጽፋለህን?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2006 በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 ከመቶ ዕውር መሆኑንና ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት እንደ ሆነ አሳይቷል። የኔም መልስ አዛውንቱን ሳነጋግር ያየሁት ነገር ነው። ውሻውን ለማሳየት ጎንበስ ሲሉ የቀኝ ዓይናቸው ብሌን ነጥቶ ነበር። ስለ ውሻው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ስለ ራሳቸው ዓይን ግን አንዳች አላሉም፤ የሽምግልና ዕጣ አድርገው ተቀብለውታል።

ለሰው የሚሆነው ደግሞ ለውሻው ከሚሆነው እጅግ የቀለለ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን እንደ ውሻ አይቆጣም። ኔፓላዊው ሐኪም ሳንዱክ ሩይት ባስፋፉት ዘዴ፣ ያለ አልትራሳውንድ መሣሪያ፣ በትንሽ ቀዳዳ ሌንሷን በእጅ አውጥቶ በርካሽ ሌንስ መተካት ይቻላል። በሠለጠነ እጅ በደቂቃዎች ያልቃል። ፋሻው በማግስቱ ይፈታል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በሌሎችም ቦታዎች የሰው ሞራ ይወጣል።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ወደ አዛውንቱ ተመልሼ ሄድኩ። የውሻው ሞራ እንደማይገፈፍ ነገርኳቸው። ነገር ግን ውሻ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫውና በጆሮው የሚኖር ስለ ሆነ መገደል እንደማይገባው፣ የውሃውን ሣህን ቦታ እንዳይለውጡበት፣ ከመንካታቸው በፊት እንዲጠሩት፣ ቃጭል ከታሰረባት ፍየል ጋር እንዲያውሉት፣ ዓይኑ ከቀላ ደግሞ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ እንዲያመጡት አስረዳኋቸው። ከዚያም ስለ ራሳቸው ዓይን ተናገርኩ። በሰው ዓይን ያለው ሞራ እንደሚወጣ ስነግራቸው በመጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀባበላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሕመሙ ያዩትንና የሰሙትን ሳያጓድሉ ይነጋገራሉ። አዛውንቱም ወደ ልጃቸው ዞረው ነገሩን በአፋርኛ ደገሙለት፤ እርሱም እወስዳቸዋለሁ አለ። ውሻው በድምፃቸው አቅጣጫ ጆሮውን አቁሞ ተኝቷል። «እንግዲያው የሱስ ጆሮው ይበቃኛል» አሉኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የነጣ ብሌን ያለው ሰው ብታዩ፣ የሚወጣ መሆኑን ንገሩት። እኔም ከላይ በጻፍኩት ውስጥ ስሕተት ቢገኝ፣ የተሻለ የሚያውቅ በሚቀጥለው እትም ያርመኝ ዘንድ እለምናለሁ።